ቦዩ የዞረበት በጋ

ከድብ ባሕር አውራ ጎዳና በታች፣ መሬቱ ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት እርከን እርከን እየሠራ በሚያመነታበት ተረተር ላይ፣ ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት በጋው እንደ ሌላው አገር በጋ አልነበረም። በዙሪያው ያለው መሬት ገና በኅዳር ሲሰነጣጠቅ፣ በዚያ አጥቢያ ነጭ ሽንኩርቱና ጌሾው፣ ዳር ዳሩን የተዘራው የመስኖ ገብስም እንደ ለመለመ ጥርን ይሻገር ነበር። ይህ ሁሉ የአንድ ቦይ ሥራ ነው። በዚያ ዘመን ጎጆ የሚቀልስ ሰው በሩን ወደ ፀሐይ ሳይሆን ወደ ቦዩ ያዞር ነበር፤ ውሃው ተራው ደርሶ ሲመጣለት ከመደቡ ሳይነሳ እንዲሰማው።

ቦዩን የሚያስተዳድረው ክንዱ ነጋ ነበር። የውሃ አባት ይሉታል። ሹመቱን መንግሥት አልሰጠውም፣ ጭቃ ሹሙም አይሽረውም። በየዓመቱ በመስቀል ማግስት ባለርስቱ ሁሉ ከምንጩ ራስ ይሰበሰብና «ዘንድሮም አንተው ሁንልን» ይለዋል። እሱም «ምነው፣ ሌላ ሰው ጠፋ?» ይላል፤ በዚሁ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ተራው የማን እንደ ሆነ፣ ቦዩን ሳይጠርግ የቀረው ማን እንደ ሆነ፣ የማን በሬ ግድቡን እንደ ናደው የሚያውቅ እሱ፣ የሚዳኝም እሱ ነው። አባቱ ነጋም እንዲሁ ነበር።

አጥቢያው ስለ ውሃ ብዙ ሕግ አልነበረውም። ከነበሩት ውስጥ ሁለቱን ማንም አይነካቸውም። አንደኛው፣ ከመሬቱ ቆርሶ ለቦይ መተላለፊያ የሰጠ ሰው ፊተኛውን ተራ ያጠጣል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የውሃ አባት የሆነ ሰው ከሁሉ በኋላ ያጠጣል የሚል ነው። የመጀመሪያው ለሰጭ ካሣ፣ ሁለተኛው ለዳኛ ልጓም መሆኑ ነው። ሁለቱም ሕጎች እንደ ሁለት ጥሩ ጎረቤቶች በየደጃቸው ይኖሩ ነበር። በአንድ ሰው ደጅ ላይ ተገናኝተው ስለማያውቁ ይጣሉ ይሆን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ቦዩ ከምንጩ ተነስቶ እኩሌታውን መንገድ እንደ ሄደ አንድ ጥልቅ ፈፋ ይገጥመዋል። ነጋ በጉልምስናው ጊዜ አንድ ታላቅ ጥድ ቆርጦ፣ ሆዱን በመጥረቢያና በፍም ፈልፍሎ፣ በፈፋው ላይ አጋድሞታል። ውሃው በዚያ በተፈለፈለ ግንድ፣ በአሸንዳው፣ እየተሻገረ የታችኛውን ሠፈር ያጠጣል። ግንዱን ከጫካ ያወጡት ወንዶች እየዘፈኑ ነው፤ ሲሻገር ያዩት ሴቶች እልል ያሉት እንደ ልጅ ልደት ነው። ስሙም «የነጋ አሸንዳ» ሆኖ ቀረ። መንገደኛ ሲጠይቅ «ከነጋ አሸንዳ ወዲህ»፣ «ከነጋ አሸንዳ ወዲያ» ይባላል። ሰው ከሞተ በኋላ ስሙ በየቀኑ በሰው አፍ ሲነሳ መስማት ለልጁ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ አባቱን ቀብሮ የተመለሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ግን እንጨት እንጨት ነው። አሸንዳው ከእርጅና ብዛት ተሰነጠቀ። ክንዱ ብዙ በጋ ጭድ በገባበት ጭቃ፣ በበግ ጠጉር፣ በሰም እየወተፈ አሳለፈው። ሲጠግን ደግሞ ያወራዋል፤ «እስቲ ትንሽ ጠና በል፣ ምነው እንዲህ መሆንህ?» ይለዋል። በዚያ ዓመት ግን ውሃው እኩሌታው ወደ ፈፋው ይፈስ ጀመር። ማንም ያልዘራው ሣርና ቁጥቋጦ ከፈፋው ሥር ለምልሞ ዝንጀሮው ሁሉ እዚያ ሰፈረ።

«አያ ክንዱ፣» አለው ቢያዝን አንድ ቀን ከላይ ሆኖ፤ ቢያዝን በአጥቢያው አፈኛ የሚባል፣ በሰው ተራ ውሃ በመቅደድም የሚታማ ሰው ነበር፤ «ዝንጀሮዎቹ መቼ ነው ቦይ ጠረጋ የሚወጡት? እኛ እየጠረግን እነሱ ጠገቡ!»

«አንተም ሳትጠርግ ስንቱን ጊዜ ጠግበሃል» አለው ክንዱ ጭቃውን እየለጠፈ።

«ያ በጨለማ ነው፣ እነሱ እኮ በጠራራ ፀሐይ ነው!»

ከፈፋው ወዲያ፣ ከቦዩ መጨረሻ ላይ፣ የክንዱ ታላቅ እህት አበቡ ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፣ አንዲት ልጇም ጎንደር አራዳ ተድራ ቀርታለች። ያላት አንድ የነጭ ሽንኩርት ማሳ ነው። በኅዳር አጋማሽ አንድ ቀን ሽቅብ ወጥታ ወንድሟን ከአሸንዳው ዘንድ አገኘችው።  

«ወንድምዓለም፣» አለች ከጎኑ ተቀምጣ፣ «እኔ ዘንድ የሚደርሰው ውሃ አይደለም፣ ወዝ ነው። በእንስራ እየተሸከምሁ ነው የማጠጣው። ይኸው ትከሻዬ።»

«ትንሽ ታገሺኝ እታለም። ይህን ስንጥቅ ብደፍነው…»

«አምና እንዲሁ ብለኸኛል። ካቻምናም ብለኸኛል።» ወደ ግንዱ ሳይሆን ወደ ፊቱ ነበር የምታየው። «ልጄ ነይ ትለኛለች። ቤቷ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም ነይ ትላለች። ሽንኩርቱ ከደረቀ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ እሄዳለሁ። አንተን ለመክሰስ አይደለም፣ እንድታውቀው ብዬ ነው።»

ክንዱ ስንጥቁን መወተፉን ቀጠለ። ሁለቱ እድሜ ልካቸውን በአንድ ቦይ ጫፍና ጫፍ የኖሩ ናቸው። እሱ ላይ ሆኖ ውሃ ሲለቅ እሷ ታች ሆና ትቀበላለች፤ የደረሰ ውሃ በእነሱ ዘንድ «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» እንደ ማለት ነበር። የተዳረችበት መንደር ቅርብ ቢሆንም የጠያቂነት ጊዜ ከየት ይመጣል? የሚጠይቃት ውሃው ነበር። አሁን እሷ አራዳ ሄዳ፣ በሰው ደጅ ላይ፣ የሚኮተኮት ነገር በሌለበት ቁጭ ስትል ታየው። 

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለርስቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ለመከረው ምክር መነሻው ይህ ነው። ክንዱ ነገሩን አወጣ፤ አሸንዳው ከእንግዲህ አይጠገንም አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንደ ሟርት ተሰማው።

«ሌላ ጥድ እንፈልፍላ» አለ አንዱ።

ሁሉም ቀና ብሎ አየ። ያን ያህል ውፍረት ያለው ጥድ የቀረው ከቅጽሩ ውስጥ ብቻ ነበር። ዓይኑ ሁሉ ወደ መሪጌታ ሐዲስ ዞረ። መሪጌታ በዜማ ያረጁ፣ ቃላቸው ከግእዝ ወደ አማርኛ ለመውረድ ጊዜ የሚወስድባቸው ሰው ነበሩ።

«ዕፀ መቅደስ ነው ብዬ ልከለክላችሁ እችላለሁ፣» አሉ፤ «ግን እሱን ትቼ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የጠላት አውሮፕላን ሲመጣ የት ነበርን? ከነዚህ ሥር አይደለምን? መጥረቢያውን ፊተኛ የሚያነሳው ማን እንደ ሆነ ይንገረኝ፣ እኔ ቡራኬውን እሰጣለሁ።»

ጥድ እንፈልፍል ያለው ሰው ከሰው ጀርባ ሸሸት አለ። 

«አንተ የትኛው ሥር ነበርህ ቢያዝን?» አሉት መሪጌታ።

«እኔማ… ያችኛዋ፣ ጎባጣዋ። ከሁለት ፍየል ጋራ።»

ሳቁ እንደ በረደ ፋንታሁን ተነሳ። ፋንታሁን በጣሊያን ጊዜ በመንገድ ሥራ የዋለ፣ ብረት ሲያይ ዓይኑ የሚበራ ሰው ነው። «በመንገዱ ዳር ከፈረሰው ካምፕ ስንት በርሜል ወድቋል! ፊትና ኋላውን ቆርጠን ብንቀጥለው ቱቦ አይሆንም? ብረት እኮ አይሰነጠቅም» አለ። ሐሳቡ ሸጋ መሰለ። በሳምንቱ በርሜሎቹን ተሸክመው አመጡ፣ በድንጋይ እየቀጠቀጡ ከፈቱ፣ አንዱን ባንዱ እየሰኩ መጋጠሚያውን በጭቃና በጨርቅ አሰሩት። ውሃው ሲለቀቅ ከውስጥ እንደ ከበሮ ጮኸ። ፋንታሁንም «ስማ! ስማው!» እያለ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ መካከለኛው መጋጠሚያ ተከፈተና በርሜሎቹ ተራ በተራ እየተንከባለሉ ወደ ፈፋው ወረዱ። ዝንጀሮዎቹ እየጮሁ ገደሉን ወጡ።

«አሁንስ ልብስ ማጠቢያም ሠራንላቸው» አለ ቢያዝን።

ደግነቱ አሮጌውን ግንድ አላነሱትም ነበር፤ ለጊዜው መልሰው ወተፉት። በዚያ ሁሉ ምክር መካከል ግን አንድ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር ነበር። ፈፋውን መሻገር ቢያቅት፣ ቦዩ ፈፋው በሚጀምርበት በላይኛው ራስ በኩል ዞሮ ሊያልፍ ይችላል። መንገዱ ይረዝማል፣ አለት አለበት፣ ይቻላል ግን። ይህን የማያውቅ ገበሬ አልነበረም። ሆኖም ፈፋው ራስ ላይ ያለው መሬት፣ ጥቁሩና ወፍራሙ፣ የክንዱ የራሱ ነው። የውሃውን አባት «መሬትህን ቅደድ» የሚል ማን ይሁን? ከመሬቱም በላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሰጠ ማለት ፊተኛ ያጠጣል ማለት ነው፤ የውሃ አባት ግን ኋለኛ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ስለ ጥድና ስለ በርሜል ሲያወራ ዓይኑ ወደዚያ መሬት እየሄደ፣ ቶሎ ይመለስ ነበር። ክንዱም የሰውን ዓይን እያየ ያላየ ይመስል ነበር።

ታኅሣሥ ሲያልቅ ጎንደር ወርጄ ሲሚንቶ እጠይቃለሁ ብሎ ተነሳ። እውነቱን ለመናገር፣ መሄዱ ለሲሚንቶ ብቻ አልነበረም። ሰው አንዳንዴ ውሳኔውን ለመሸሽ ረጅም መንገድ ይመርጣል። በደባርቅ በኩል በምታልፍ ካሚዮን፣ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አቧራ ለብሶ ጎንደር ገባ። አራዳ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ካፖርት የደረበ ጸሐፊ በአክብሮት ተቀበለው፤ ሳይዋሽም ነገረው።

«አባቴ፣ የመጣው ሲሚንቶ ለድልድይ ነው። የሚመጣው ዓመት ይመጣ ይሆናል። እኔ እናንተን ብሆን ሲሚንቶ እጠብቃለሁ ብዬ ማሳዬን አላደርቅም።»

ሲወጣ ወደ እህቱ ልጅ ቤት ለመሄድ ፊት አልነበረውምና እግሩ ወደ ቀሐ ወንዝ ወሰደው። ጥምቀት ቀርቦ ስለ ነበር የፋሲልን መዋኛ ውሃ ለመሙላት ሰዎች ከወንዙ የሚመጣውን ቦይ እየጠረጉ ነበር። ክንዱ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ። የቦይ ሰው ነውና ዓይኑ ወደ ሕንፃው አልሄደም፤ ወደ ቦዩ ሄደ። ውሃው ሳይቸኩል፣ የመሬቱን ወገብ እየያዘ፣ ጉድጓድ ሲገጥመው እያፈገፈገ፣ ጉብታ ሲገጥመው እየጎበጠ ይመጣል።

«ወንድሜ፣» አለ ቅርቡ የነበረውን ጠራጊ፣ «አሸንዳ የለውም?»

«ምን ሊያደርግለት? ትንሽ ዞሮ ይደርሳል። ምን ያጣድፈዋል?»

«ያለፈበት መሬት የማን ነበር?»

ሰውዬው አካፋውን ተደግፎ ሳቀ። «እንዴ! ይህን ማን ያውቃል? የነገሥታት ዘመን ነው እኮ። የሰጠውም ይኑር ያልሰጠውም፣ ማን ስሙን ያነሳዋል? ውሃው ግን ይኸው።»

ክንዱ እዚያ ዋለ። በአንድ በኩል አባቱ ነበር፤ ስሙ በግንድ ላይ ቀርቶ በየቀኑ የሚጠራ። በሌላ በኩል ስሙ የጠፋ አንድ ሰው፤ መሬቱን ለቦይ ቆርሶ ሰጥቶ ከነሕልውናው የተረሳ፣ ውሃው ግን እስከ ዛሬ የሚሄድ። ከሁለቱ የትኛው ኖሯል ቢሉት ምን ይመልስ ነበር? ለመታወስ ብለን የምናቆመው ነገር ከተሰነጠቀ በኋላ እንኳ እጃችን አይለቀውም፤ የምንጠግነው ለሌላው ይመስለናል፣ ብዙ ጊዜ ግን የምንጠግነው ራሳችንን ነው። ይህን ሁሉ ክንዱ በነዚህ ቃላት አላሰበውም ይሆናል። ከዛፉ ሥር ሲነሳ ግን ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ቤቱ ሲገባ ነገሩን መጀመሪያ ለሚስቱ ለሐረገወይን ነገራት። ትጮሃለች ብሎ ነበር፤ መሬቱ የሷም ሽንኩርት ያለበት ነው።

«መሬቱን ከሰጠህ ሹመቱስ?» አለችው።

«ሹመቱንና ፊተኛውን ተራ አብሮ መያዝ አይቻልም። ሹመቱን ይዤ መሬቱን በከንቱ እሰጣለሁ እንጂ…»

«በከንቱ! ማነው በከንቱ ያለህ?» እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንተ የውሃ አባት ስትባል እኔ ማነኝ? የውሃ እንጀራ እናት! አገር ሁሉ አጠጥቶ፣ ጠግቦ፣ ከቦዩ የተረፈው አተላ ነው ለኔ የሚመጣው። ከተዳርሁ ጀምሮ ፊተኛ ውሃ አይቼ አላውቅም። ሹመቱን ተው! መሬቱን ስጥ! ፊተኛውን ተራ እኔ አጠጣለሁ፤ አንተ ደስ ካላለህ ከጓዳ ሆነህ አልቅስ።»

ክንዱ ሳይወድ ሳቀ። የገዛ ክብሩ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሲከብድ እንደ ኖረ ያን ጊዜ አወቀ።

በጥምቀት ማግስት ቅጽሩ ውስጥ ሲናገር ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። መሬቱን መስጠቱን ሲሰሙ አንድ ጉርምርምታ ተነሳ፤ ምርቃትም ነበር፣ እፎይታም ነበር። መሪጌታ ሐዲስ እጃቸውን አነሱ። «ሕግ ለሰው ነው፤ ለክንዱ ሁለቱም ይሁንለት። ዳኛም ይሁን፣ ፊተኛም ያጠጣ።»

«አይሆንም መሪጌታ፣» አለ ቢያዝን። በዚያ ቀን አልቀለደም። «አያ ክንዱ አይቀማንም፣ አውቃለሁ። ከሱ በኋላ የሚመጣው ግን ፊተኛም ዳኛም ልሁን ይላል። ያን ጊዜ ማን ይከለክለዋል?»

ሰዉ ሁሉ ክንዱን አየው። 

«ቢያዝን እውነቱን ነው» አለ። «እኔ ከዛሬ ጀምሮ ባለመሬት ነኝ፤ ሌላ ሰው ሹሙ። ማንን ትሉ እንደ ሆነ፣ እኔ እሱኑ እላለሁ።»

ሣር ቅጠሉ ሳቀ። «ቢያዝን? ውሃ ቀዳጁን?»

«ቦዩ የሚቀደድበትን ቦታ ሁሉ ከሱ በላይ ማን ያውቃል?» አለ ክንዱ።

ቢያዝን ፊቱ ቀላ። «ምነው፣ ሌላ ሰው ጠፋ?» አለ። በዚሁ አለቀ።

ቁፋሮው ከበዓላት በተረፈው ቀን ሁሉ ቀጠለ። አዲሱን መስመር ውሃው ራሱ መራቸው፤ ትንሽ ለቀቅ ያደርጉታል፣ የቆመበትን ያወርዳሉ፣ የሮጠበትን ያነሱታል። አለቱ ላይ እሳት እያነደዱ፣ ሲግል ውሃ እየደፉ ሰነጠቁት። ፋንታሁን ከበርሜሉ ስብርባሪ የቦይ መዝጊያ ሠርቶ አመጣ፤ ይህ ሸጋ ሆኖ ተገኘ። አበቡ በበኩሏ ጠዋትና ማታ እንስራ እየተሸከመች ሽንኩርቷን በነፍስ አቆየችው። ዳር ያለው ግን ቢጫ ሆኗል። ክንዱ ዶማውን ሲያነሳ ያን ቢጫ ያየው ይመስል ነበር።

ውሃው የተለቀቀ ቀን ቢያዝን ከግድቡ ላይ ቆሞ «ፊተኛ ተራ፣ ባለመሬት ክንዱ ነጋ!» ብሎ ጮኸ። ሐረገወይን ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ውሃው ገባች። ደስታዋን ያየ ሁሉ ሳቀ። የነሱ ተራ ሲሞላ ቢያዝን የማሳውን አፍ በመዝጊያው ዘጋና ውሃውን ወደ አዲሱ መስመር ለቀቀው። ክንዱ ከልማዱ የተነሳ ዶማውን አንስቶ ከውሃው ጋራ ሊሄድ ተራመደ።

«ወዴት አያ ክንዱ?» አለ ቢያዝን። «ተራህን አጠጥተህ የለም? ከዚህ ወዲያ መንገዱ የኔ ነው።»

ቃሉ ክፉ አልነበረም፤ ሕጉ ነው። ክንዱ ቆመ። ውሃው ጠማማውን ዞሮ ከዓይኑ ተሰወረ፤ ቢያዝንም ተከትሎት ተሰወረ። ወደ እህቱ ደጅ የሚወርድ ውሃ እሱ እስከ ፈፋው ሳይሸኘው አልፎ አያውቅም ነበር። አሁን የሚያፈስ ቢኖር የሚደፍነው እሱ አይደለም። ማሳው ዳር ተቀመጠ። ቀኑም መሸ፤ ከታች የሚመጣ ሰው አልነበረም፤ ደረሰ አልደረሰም የሚለው የለም። እንቅልፍም አልወሰደው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አበቡ ሽቅብ መጣች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። ክንዱ ከሩቅ ሲያያት ተነሳ።

«ያ ቢያዝንህ፣» አለች ገና ሳትደርስ፣ «ምኑን ሾማችሁት? ውሃውን እንደ በሬ እየጮኸ ነዳው። ጭቃውን ሁሉ ማሳዬ ላይ ገለበጠው። ዳሩ ያለው ሽንኩርት ተኝቷል።»

«ደረሰ እንዴ?»

«ምን ደረሰ ትለኛለህ! አጥለቀለቀኝ እንጂ!» አለችና እንባዋ መጣ፤ ወዲያው በነጠላዋ ጠረገችው። «ቢጫው አይድንም። መሐሉ ግን ደህና ነው። ለልጄ መልእክት ልኬባታለሁ፤ ፋሲካን እሷ ትምጣ ብያለሁ።»

ክንዱ ራሱን ነቀነቀ። አበቡም አየችው፤ ባዶ እጁን፣ ማንም የማይጠብቀውን ቀኑን።

«ወንድምዓለም፣ የተኛው ሽንኩርት መቃናት አለበት፤ ብቻዬን ነኝ። አንተ ደግሞ ሹመት የለህ፣ ሥራ የለህ» አለችው። «ና ውረድ፣ አግዘኝ።»

«ፊተኛ የሚያጠጣን ሰው እንዲህ ይናገሩታል?» አለ ክንዱ።

«ትመጣለህ አትመጣም?»

ዶማውን በትከሻው አድርጎ ከኋላዋ ወረደ።